በመርከብ ግንባር ላይ የቆመን የእንጨት ጦረኛ ከውሃ ቀለም ሥዕሉ ማንበብ፦ ደረጃ በደረጃ

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ዓይኑ ቁጣ ይተፋል፤ ቀና ያለው አገጩ ኩራት ነው፤ ጉንጩ ላይ ያለው ስንጥቅ የጦር ሜዳ ጠባሳ ነው።» ቁጣ የተባለው ቅርጹ ከሩቅ እንዲለይ ተብሎ በጥልቅ የተቆፈረ የዓይን ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ኩራት የተባለውም ዘንበል ብሎ እንዲቆም የተሠራን ምስል ሙዚየም ውስጥ ቀጥ አድርጎ ከማቆም የመጣ ሊሆን ይችላል። ጠባሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ሲደርቅ የሚፈጥረው ስንጥቅ ነው። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰዎች ሳያዩ ይተረጉማሉ።

በዚህ መመሪያ ውስጥ «ቅርጹ» ስንል በመርከብ የፊት ጫፍ ላይ የሚተከለውን ከእንጨት የተጠረበ ጦረኛ ማለታችን ነው። «ሥዕሉ» ስንል ደግሞ ያንን ቅርጽ እያየ ሰዓሊ በውሃ ቀለም የሠራውን ወረቀት። ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ፤ ግማሹ ስህተት የሚወለደው እነሱን ከማምታታት ነው።

ሥዕሉ ላይ የምታዩት ነገር ሁሉ ከሦስት እጅ የአንዱ ሥራ ነው። ቅርጹን የጠረበና መጀመሪያ የቀባ ቀራፂ አለ። ከዚያ በኋላ ባሕር፣ ፀሐይና ጠጋኞች ያደረሱበት አለ። በመጨረሻም ብሩሽ ይዞ ፊቱ የተቀመጠው ሰዓሊ። የእናንተ ሥራ እያንዳንዱን ምልክት ለባለቤቱ መስጠት ነው። ትርጉም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መሰናዶ

ለመለማመጃ ኢንዴክስ ኦፍ አሜሪካን ዲዛይን የሚባለውን ስብስብ ምረጡ። ከ1935 እስከ 1942 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ያጡ ሰዓሊዎችን ቀጥሮ የአገሩን የእጅ ሥራ ውጤቶች በውሃ ቀለም አስመዝግቧል። ከ18,000 በላይ ሥዕሎች ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ይገኛሉ፤ የመርከብ ግንባር ቅርጾችም በመካከላቸው አሉ። ምስሎቹን ከጋለሪው ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ለጀማሪ የሚመቹት ሰዓሊዎቹ የራሳቸውን ስሜት እንዳይጨምሩ፣ ያዩትን ብቻ በነጭ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ታዝዘው ስለነበር ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

- ማውረድ የምትችሉት ትልቁ የምስል ፋይል። ከስልክ ስክሪን ላይ የተነሣ ቅጂ አይሆንም።
- በኤ3 ወረቀት የታተሙ ሁለት ቅጂዎች። አንዱን ትጽፉበታላችሁ፣ አንዱን ትቆርጡታላችሁ።
- ሦስት ትሬሲንግ ወረቀት (ሥሩ ያለውን ምስል የሚያሳይ ስስ ወረቀት)፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያ።
- ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እስክርቢቶ። ቀዩ ለቀራፂው፣ ሰማያዊው ለዘመንና ለጠጋኝ፣ አረንጓዴው ለሰዓሊው።
- ዋናውን ወረቀት ለማየት ከተፈቀደላችሁ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና እርሳስ ብቻ። እስክርቢቶ ወደ ዋናው ሥዕል አታስጠጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የውሃ ቀለም ብርሃን ይበላዋል። ሙዚየሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን የሚያሳዩት ለዚህ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። ፍላሽ አታብሩ፤ የእጅ ባትሪ ማብራት ካስፈለጋችሁ ኃላፊውን አስፈቅዱ። ክፍሉ ጨለም ካለባችሁ ዓይናችሁ እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ከጦረኛው በፊት ወረቀቱን እዩ

1. ከቅርጹ ውጭ ያለውን ባዶ ወረቀት ተመልከቱ። ነጭ ነው ወይስ ቢጫ? ወረቀቱ ከቢጫ ጀምሮ ወደ ቡናማ ከሄደ በሥዕሉ ላይ ያለው ነጭም አብሮት ሄዷል ማለት ነው። «ቆዳው የነሐስ መልክ አለው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የፊቱን ቀለም ከባዶው ወረቀት ጋር አስተያዩ።

2. ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች ካሉ ቁጠሯቸውና ቦታቸውን ያዙ። ወረቀት ሲያረጅና እርጥበት ሲነካው እንዲህ ያወጣል። ደረቱ ላይ ሲያርፉ ግን ብዙ ሰው «የበሰበሰ እንጨት» ወይም «የጥይት ምልክት» ይላቸዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ነጠብጣቡ የቅርጹን ጠርዝ አልፎ ባዶው ወረቀት ላይም ከታየ የወረቀቱ በሽታ ነው። የእንጨት ብስባሴ ከቅርጹ ጠርዝ አይወጣም።

3. ሥዕሉን የሚያቅፈው ካርቶን ተነሥቶ ከሆነ በካርቶኑ ሥር የነበረውን ጠርዝ እዩ። እዚያ ያለው ቀለም ከመሐሉ የደመቀ ከሆነ ሥዕሉ ለብርሃን ተጋልጦ ደብዝዟል። ቀድመው ከሚጠፉት መካከል አንዳንድ ቀዮች አሉ። ሐምራዊ የነበረ ካባ ቀዩን ሲያጣ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የደበዘዘ ሥዕል ላይ ስለ ቀለም ትርጉም ምንም አትጻፉ።

4. ከወረቀቱ ጀርባና ከመዝገቡ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ቅዱ፦ የሰዓሊው ስም፣ የቅርጹ ልክ፣ ቁሱ፣ የዚያን ጊዜ ባለቤት፣ የመዝገብ ቁጥር። በኢንዴክሱ ላይ ቁጥሩ በ1943.8 ይጀምራል። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ፤ 1943 ስብስቡ ወደ ጋለሪው የገባበት ዓመት እንጂ ሥዕሉ የተሣለበት አይደለም። ቅርጹ የተጠረበበትማ ጭራሽ አይደለም።

*ካልተሳካ፦* የወረደው ምስል ዙሪያውን የተቆረጠ ከሆነና ባዶ ወረቀት ካላሳየ ደረጃ 1 አይሠራም። ሙሉውን ወረቀት የሚያሳይ ቅጂ ፈልጉ። ከሌለ በቀለም ላይ የተመሠረተ ድምዳሜ በሙሉ ከጽሑፋችሁ ይውጣ።

ደረጃ 2፦ ልኩን አስሉ

አጭር ሥራ ነው፤ ግን የሚዘለው እሱ ነው። መዝገቡ የቅርጹን እውነተኛ ቁመት ከሰጠ በሥዕሉ ላይ ካለው ቁመት ጋር አካፍሉ። ቅርጹ 180 ሴንቲ ሜትር፣ በወረቀቱ ላይ ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ልኩ አንድ ለአራት ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ በእንጨቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉድጓድ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ነው። «ጭረት» የሚለውንና «ቀዳዳ» የሚለውን ቃል የምትመርጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ቁጥሩን ስታነቡ ሁለቱን አትቀያይሩ፤ መዝገቡ የወረቀቱንም የቅርጹንም ልክ ጎን ለጎን ይጽፋል። ልኬቱም በኢንች ሊሆን ይችላል፤ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። በማተሚያ ያተማችሁት ቅጂ ላይ አትለኩ፤ ማተሚያው ያሳንሳል ወይም ያሳድጋል።

ደረጃ 3፦ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ያዙ

1. የአፍንጫውን፣ የአገጩንና የክንዱን ጥላ እዩ። ጥላው በቀኛችሁ በኩል ከወደቀ ብርሃኑ ከግራ ነው። በእርሳስ ቀስት ሣሉ።

2. አሁን ቀስቱን የማይታዘዝ ጨለማ ሁሉ አክብቡ። ብርሃኑ በሚያርፍበት ጉንጭ ላይ ጥቁር ነገር ካለ ጥላ አይደለም፤ ቁስ ነው። ቆሻሻ፣ ቃጠሎ፣ የቀድሞ ቅብ ትራፊ ወይም ቀራፂው ራሱ በቀለም የሣለው ቅንድብ ሊሆን ይችላል።

3. በተቃራኒው፣ ጥላ መሆን በሚገባው ቦታ የሚያበራ ነገር ፈልጉ። የወርቅ ቅብ እዚያ ይገኛል። ጎበዝ ሰዓሊ ወርቅን የሚሠራው በቢጫ ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ቡናማና ባዶ የወረቀት ነጭ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል። ሦስቱ በጣት ስፋት ውስጥ ከተገናኙ ወርቅ ወይም የተወለወለ ብረት እያያችሁ ነው። ወጥ የሆነ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ቀለም ነው።

*ካልተሳካ፦* ጥላዎቹ ሁለት አቅጣጫ ካሳዩ ሰዓሊው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ብርሃኑ እየዞረ ሳለ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፎቶግራፍ አይቶ ጨርሶታል። ፊቱን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ አንብቡ።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን እጆች ለዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት መድቡለት። ትሬሲንግ ወረቀቱን በታተመው ቅጂ ላይ በፕላስተር አጣብቁና ከራስ ቁሩ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። በእያንዳንዱ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ የምታዩትን ሁሉ በሦስቱ ቀለሞች ምልክት አድርጉ።

*የቀራፂው እጅ (ቀይ)*

የመሮውን አሻራ ፈልጉ። ፀጉርና ጢም ላይ በጎድጓዳ መሮ የተወሰዱ ትይዩ ቦዮች አሉ፤ ጫፋቸው ክብ ነው። የልብስ እጥፋት ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ የተቆረጠ ከሆነ ቀራፂው ጥላ እንዲፈጠር አስቦ ነው፤ ከሩቅ የሚታየው ጥላው ነውና። ዓይን፣ አፍንጫና መንጋጋ ከሰው ልክ በላይ የገነኑ መሆናቸውም ከዚያው ይመጣል። ቁጣ ብላችሁ ልትጽፉ ያሰባችሁትን ቅንድብ እዚህ ላይ በቀይ አስምሩበትና እለፉ።

መጋጠሚያዎቹንም በቀይ ያዙ። ትልቅ ቅርጽ ከአንድ ግንድ ብቻ አይወጣም። ሳንቃዎች ተደራርበው በእንጨት ችንካርና በብረት ቡሎን ይያያዛሉ፤ ክንድና ጭንቅላት ለብቻ ተጠርበው ሊገጠሙ ይችላሉ። መጋጠሚያ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል፤ ልብሱንም ቆዳውንም ሳይለይ በቀጥታ ያቋርጣል።

*የዘመንና የጠጋኝ እጅ (ሰማያዊ)*

ስንጥቅን በሦስት ለዩ፦

ሀ. የድርቀት ስንጥቅ። የእንጨቱን ክር ተከትሎ ይሄዳል፤ መሐሉ ሰፊ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ናቸው። የቆመ ግንድ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጉንጭን ከዓይን እስከ አገጭ ከሰነጠቀ «ጠባሳ» የሚያሰኘው እሱ ነው።

ለ. የተከፈተ መጋጠሚያ። ቀጥ ያለ ነው፤ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ ነው።

ሐ. የምት ስብራት። የእንጨቱን ክር ያቋርጣል። ጠርዙ የተቀጠቀጠ ወይም ፍልጥ የወጣው ነው። ስለ ግጭት መናገር የምትችሉት ይህን ስታገኙ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን መርከቡ ከወደብ ግንብ ጋር ተላትሞ ይሁን ከጠላት ጋር ሥዕሉ አይነግራችሁም።

አንገት ላይ ያለ አግድም መስመር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ ለብቻ ተጠርቦ የተገጠመበት ሊሆን ይችላል፤ ተቆርጦ የተተካበትም ሊሆን ይችላል። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ በ1834 ቦስተን ወደብ ላይ በነበረችው ኮንስቲቲውሽን የጦር መርከብ ግንባር ላይ የተተከለው የአንድሩ ጃክሰን ምስል ጭንቅላቱን በሌሊት በመጋዝ ተወስዷል። መለያው የእንጨቱ ክርና ቅቡ ነው። ከመስመሩ በላይና በታች ቅቡ በተመሳሳይ መጠን ካረጀ የመጀመሪያው መጋጠሚያ ነው ማለት ይቀላል። ፊቱ ለስላሳ፣ ደረቱ የተላላጠ ከሆነ ፊቱን ተጠራጠሩት። ስለ ፊቱ ገጽታ የምትጽፉት ሁሉ ስለ ጠጋኙ የምትጽፉት ሊሆን ይችላል።

ቅብን በተመለከተ፦ በባሕር ላይ ያለ ቅርጽ በየጊዜው በላይ በላዩ ይቀባል። ቀለም ሲደራረብ የመሮው ቦይ ይሞላል፣ የከንፈር ጠርዝ ይደነዝዛል። ፀጉሩ ቅቤ የተለሰነበት ይመስል ቦዩ ጠፍቶ ከታየ የቀራፂው ድክመት አይደለም፤ የቅብ ብዛት ነው። ቅቡ የተላላጠበትን ጠርዝ አጉልታችሁ እዩ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ከሆነ ለእንጨቱ የቀረበው ቀለም ቀድሞ የተቀባው ነው። ከሁሉ ሥር ያለውን ግራጫ ወይም ነጭ ግን «የመጀመሪያው ልብሱ» አትበሉት፤ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ ማስያዣ ቅብ ሊሆን ይችላል። ስንጥቅ መሐል ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታይ፣ የእንጨት ክር የሌለው ንጣፍ ደግሞ ስቱኮ፣ ማለትም ጠጋኝ ስንጥቅ የሞላበት ልጥፍ ነው።

የጎደለ እጅ ላይ ቁሙ። ክንዶች በባሕር ላይ ማዕበል እንዳይሰብራቸው ተነቅለው እንዲቀመጡ ሆነው የሚሠሩበት ጊዜ ነበር። ትከሻው ላይ ወይም ክርኑ ላይ ንጹሕ ጠፍጣፋ ገጽና ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለ ክንዱ የሚነቀል ነበር፤ ጠፍቷል እንጂ አልተሰበረም። ፍልጥ የወጣው ጉቶ ካለ ተሰብሯል። የተጨበጠ መዳፍ ላይ ደግሞ ቀዳዳው ከላይ እስከ ታች አልፎ ከሄደ የያዘው ዘንግ ያለው ነገር ነው፤ ጦር ወይም የባንዲራ እንጨት። ቀዳዳው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የሰይፍ እጀታ የተሰካበት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ አትሂዱ።

*የሰዓሊው እጅ (አረንጓዴ)*

በውሃ ቀለም ነጩ ብዙ ጊዜ ያልተቀባ ወረቀት ነው። የጋሻው ጠርዝ ላይ ያለውን ብልጭታ በ10 እጥፍ ስታዩ የወረቀቱ ሸካራ ገጽ ከታየ ሰዓሊው ከመጀመሪያው አስቦ ትቶታል ማለት ነው። ወፈር ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ ከሆነ ግን በመጨረሻ የታከለ ነው፤ ማስተካከያ ሊሆን ስለሚችል አክብቡት።

ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ዳርቻው ላይ ቀለም የተጠራቀመበት አበባ መሰል ቅርጽ ካገኛችሁ ያልደረቀ ቅብ ላይ ውሃ ወድቆበት ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን «እንጨቱን ውሃ የበላው» ብሎ ያነባል። መለያው፦ የእንጨቱን ክር ምንም አይከተልም።

የእርሳስ መስመሩንም ተከተሉ። በስስ ቅብ ሥር ሁለተኛ የእርሳስ መስመር ከታየ፣ ለምሳሌ ክርኑ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ተሥሎ ከሆነ፣ ሰዓሊው ልኩን አርሟል። ይህ የቀራፂው ሐሳብ መለወጥ አይደለም።

*ካልተሳካ፦* አንድ ምልክት ከሁለት በላይ ቀለም ካስመረጣችሁ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና እለፉ። በትሬሲንግ ወረቀቱ ላይ ከምልክቶቹ ግማሽ ያህሉ የጥያቄ ምልክት ከሆኑ የምስሉ ጥራት አይበቃም። ትልቅ ፋይል እስክታገኙ አቁሙ። አረንጓዴ ምንም ካላገኛችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ እዩ፤ የሰዓሊ እጅ የሌለበት ሥዕል የለም።

ደረጃ 5፦ ቅርጹን ወደ መርከቡ መልሱት

ሰዓሊው ቅርጹን ያየው ከፊቱ ቁሞ፣ ዓይን ለዓይን ነው። መርከቡ ላይ ግን ከመርከቡ ፊት ተዘንብሎ ከሚወጣው ረጅም ምሰሶ ሥር ተተክሎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚታየው።

1. ሁለተኛውን ቅጂ በቅርጹ ጠርዝ ቆርጣችሁ በካርቶን ላይ ለጥፉ።
2. ሥዕሉ ከጎን የተሣለ ከሆነ ጀርባውን እዩ። ከመርከቡ ጋር የተጋጠመበት ጠፍጣፋ ገጽ ወይም ቦይ አለው። ትክክለኛው ዘንበል ያለው እዚያ ነው።
3. ካርቶኑን ግድግዳ ላይ ከዓይናችሁ በላይ ያዙና ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ፊት እያዘነበላችሁ ሞክሩ። አንዱ ቦታ ላይ የጦረኛው እይታ ከሰማይ ወርዶ አድማሱ ላይ ያርፋል።
4. አሁን አገጩን እዩ። ቀና ያለው አገጭ ተስተካክሎ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚያይ ፊት ከሆነ «ኩራት» የሚለውን ቃል ሰርዙ።

ከፊት ለፊት በተሣለ ሥዕል ላይ ይህ አይሠራም፤ ካርቶኑን ማዘንበል ምስሉን ያሳጥረዋል እንጂ አይመልሰውም። በጽሑፋችሁ «የቆመበት አቅጣጫ ከሥዕሉ አይታወቅም» በሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ወጥመድ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደገ ዓይን በአንድ ዓይን፣ በጎን የተሣለን ሰው ሲያይ ክፉ ወይም ጠላት ብሎ ይመድበዋል። ይህን ልማድ እዚህ አታምጡ። መዝጋቢ ሰዓሊ ጎንን የሚመርጠው የአፍንጫው፣ የደረቱና የጀርባው ዝርዝር ከጎን ስለሚታይ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ጦረኛው ማን ነው?

አሁን ብቻ ጠይቁ። ቀይ የተደረጉትን ምልክቶች ብቻ ተጠቀሙ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ስለ ማንነቱ አይመሰክሩም።

የራስ ቁር ከነጎፈሩ፣ ጥሩር፣ ጭኑ ላይ የሚወርዱ የቆዳ ጭራዎች፦ የግሪክና የሮማ ጦረኛ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አጃክስ፣ አኪሊስ፣ ሄክተር፣ ማርስ የሚባሉ መርከቦች ስለነበሩት ከስማቸው አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ግን ልብሱ ብቻውን ከአራቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። በ1860 ባሕር ላይ የወረደችው ዋሪየር የተሰኘችው መርከብ ግንባርም የዚህ ዓይነት ጦረኛ ነው፤ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ፖርትስመዝ ዛሬ የሚታየው ግን በ1980ዎቹ የተጠረበ ቅጂ ነው። ሥዕሉ ከየትኛው እንደተሣለ ሳታጣሩ ስለ «19ኛው ክፍለ ዘመን መሮ» አትጻፉ።

በጭንቅላት ላይ የተጠለቀ የአንበሳ ቆዳ፦ ለእኛ ወዲያው የሚመጣው ጎፈርና ለምድ የለበሰ አርበኛ ነው። በምዕራብ መርከብ ላይ ግን ሄርኩለስን ይጠቁማል፤ በተለይ ዱላ ከያዘ። የአንበሳው ጥርስ ከግንባሩ በላይ ከታየ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

የላባ ዘውድ፣ የላባ ሽርጥ፣ ቀስት ወይም ትንሽ የጦር መጥረቢያ፦ የአሜሪካ ቀዳሚ ሕዝቦች ጦረኛ ተብሎ የተጠረበ ነው። ልብሱን ተመርኩዛችሁ ነገዱን አትጥሩ። ቀራፂዎቹ ይህን ልብስ ከልማድ ነበር የሚጠርቡት፤ የመርከብ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ያንኑ ምስል ለትንባሆ መሸጫ ሱቆች በር አድርገውታል።

ስም ከተሰጠው ስሙን ማን እንደሰጠው ጠይቁ። ለዚህ ከሁሉ የሚሻል ምሳሌ አናፖሊስ ባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ያለው ነው። በ1820 ባሕር ላይ የወረደችው ዴላዌር የተባለች የጦር መርከብ ግንባር ላይ የተጠረበው ታማነንድ ነበር፤ ከፔንሲልቫኒያ መሥራች ከዊልያም ፔን ሰፋሪዎች ጋር በሰላም በመኖሩ የሚታወቅ የሌናፔ ነገድ አለቃ። መርከቡ በ1861 በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ሲቃጠል ቅርጹ ተረፈ፣ ወደ አካዳሚውም መጣ። እጩ መኮንኖቹ ግን የሰላም ሰው ስም አልጣማቸውም፤ ሌላ ሌላ ስም ሲያወጡለት ቆይተው በመጨረሻ ቴኩምሴ አሉት፣ የሾኒ ነገድ ጦር መሪ። በ1930 ከነሐስ የተሠራው ቅጂም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ያንን ፊት አይቶ «የጦር መሪ ቁጣ» የሚጽፍ ሰው የሚያነበው የተማሪዎቹን ቅጽል ስም ነው።

*ካልተሳካ፦* መዝገቡ «ጦረኛ» ብቻ ካለና ልብሱ ከማንኛውም ጋር ካልገጠመ እናንተም «ጦረኛ» በሉ። ሥዕሉ ላይ ከሚታየው ጋር የሚጋጭ ስም መዝገቡ ላይ ካገኛችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን አትደብቁ።

ደረጃ 7፦ ጻፉ

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ግሥ ብቻ ጀምሩ ወይም ዝጉ፦ «ይታያል»፣ «ያመለክታል»፣ «አይታወቅም»። መጀመሪያ ላይ ይደርቃል፤ ኋላ ማሳመር ትችላላችሁ። ለመለማመጃ ብለን ባሰብነው ሥዕል ላይ እንዲህ ይሆናል፦

«የራስ ቁር ያጠለቀ፣ ጢማም ጦረኛ ከወገብ በላይ ይታያል፤ ከወገቡ በታች ጥምዝ ጌጥ አለ። ቁመቱ በመዝገቡ 110 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግራ ዓይኑ እስከ አገጩ የወረደው ስንጥቅ የእንጨቱን ክር የተከተለ ነው፤ ድርቀትን ያመለክታል። በቀኝ ትከሻው ላይ ጠፍጣፋ ገጽና አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይታያል፤ ክንዱ የሚነቀል እንደነበረ ያመለክታል። የጢሙ ቦዮች በቅብ ተሞልተዋል፤ የደረቱ ግን ስለት አልጠፋም፤ ደረቱ በኋላ መታደሱን ሊያመለክት ይችላል። ሰዓሊው ብርሃኑን ከግራ አድርጎ የራስ ቁሩን ጠርዝ ባዶ ወረቀት ትቶታል፤ በሥዕሉ ላይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። የያዘው መሣሪያ አይታወቅም።»

ስለ ስሜትና ትርጉም አንድ አንቀጽ ከዚህ በኋላ ጨምሩ፤ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከላይ ካሉት አንዱን መጥቀስ አለበት። «አስፈሪ ነው» ካላችሁ የትኛው የመሮ አሻራ አስፈሪ እንዳደረገው ተናገሩ። መናገር ካልቻላችሁ ሰርዙት።

ከመላካችሁ በፊት ሥዕሉን ላላየ ሰው የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቡለትና በእርሳስ እንዲሥል ጠይቁት። የሣለው ክንድ በሌላ ጎን ከሆነ ግራና ቀኝ አምታታችኋል፦ የጦረኛው ቀኝ የእናንተ ግራ ነው። ይህን ስህተት ከሁሉ በላይ የምታገኙት ስለሆነ «በጦረኛው ቀኝ» ወይም «በተመልካቹ ቀኝ» ብላችሁ በየቦታው ግለጹ፤ በላይኛው ናሙና ላይ ያለውም «ግራ ዓይኑ»፣ «ቀኝ ትከሻው» የጦረኛው ነው፣ «ከግራ» የተባለው ብርሃን ግን የተመልካቹ።